ራሱን መክሰስ ያቆመው ወታደር

ኢግናጥዮስ ሎዮላ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን እሱ ያቋቋመው የኢየሱሳውያን ማኅበርና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ሰበብ የፈሰሰው ደም ነው። እኔም ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እንቅልፍ ባጣሁበት ወቅት ነው። በመኪና አደጋ ጓደኛዬን አጥቼ ነበር፤ መሪውን የያዝኩትም እኔ ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት ያንን መታጠፊያ ደጋግሜ እነዳዋለሁ። ትንሽ ቀደም ብዬ ፍሬን ብይዝ ኖሮስ?

ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1491 አካባቢ በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። ዝናና ክብር የሚወድ ሰው ነበር። በግንቦት 1521 በፓምፕሎና ምሽግ የመድፍ አረር አንድ እግሩን ሰበረው፤ ሌላውንም አቆሰለው። አጥንቱ ተጣሞ በመገጠሙ እንደገና ተሰበረ፤ ወጣ ያለውም ያለ ማደንዘዣ በመጋዝ ተቆረጠ። ለወራት አልጋ ላይ ሲውል አንድ ነገር አስተዋለ። አንዳንዱ ሐሳብ ሲመጣ ደስ ያሰኝና ሲሄድ ባዶ ያስቀራል፤ ሌላው ግን ከሄደም በኋላ ሰላም ይተዋል።

ይህን ማስተዋሉ ወዲያው አላዳነውም። በ1522 በማንሬሳ ከተማ ሳለ የቀድሞ ኃጢአቱ ሐሳብ ያሳድደው ጀመር። ሁሉንም በጽሑፍ ተናዘዘ፤ አሁንም የረሳው ያለ መሰለው። ደጋግሞ ቢናዘዝም ጥርጣሬው ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። ራሱን ለማጥፋት እስከ መፈተን ደረሰ። እፎይታ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ። ሐሳቡ ሁለት ቀን ፋታ ሰጥቶት በሦስተኛው ተመለሰ።

በመጨረሻ ከሐሳቡ ጋር መከራከሩን ትቶ፣ በምን በኩል እንደገባና ወዴት እየወሰደው እንደሆነ መመርመር ያዘ። ከዚያም ያለፈውን ዳግመኛ ላለመናዘዝ ቆረጠ። ያን ጊዜ ተገላገለ።

በ33 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ላቲን ተማረ። ማኅበሩ በ1540 በጳጳሱ ጸደቀ። ከማንሬሳው ጭንቀት የተማረውን ሌሎች ሐሳባቸውን እንዲመረምሩበት አድርጎ ያዘጋጀው መንፈሳዊ መልመጃም በ1548 ታተመ። በ1556 ሮም ውስጥ አረፈ።

ማኅበሩ በአገራችን ስላደረሰው ያለኝ ቅሬታ አልተለወጠም። ሰውየው ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ዛሬ ያ መታጠፊያ ሲመጣ አላባርረውም፤ ችሎትም አልቀመጥለትም። ክሱን ስዘጋ ጓደኛዬን የምረሳው መስሎኝ ነበር። ይልቁንስ ከመታጠፊያው በፊት የሳቀው ሳቅ ትዝ ይለኝ ጀመር።