ርካሹ ጄት ለምን ረከሰ? የቢል ሊር ታሪክ

የአውሮፕላን ሽያጭ ማስታወቂያ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ አንድ ነገር ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ከአንድ ቪላ ባነሰ ዋጋ ለገበያ የሚቀርቡ ያገለገሉ ትንንሽ ጄቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የድሮዎቹ ሊርጄቶች ይገኙበታል። ለምን ረከሱ? መልሱ ያለው በሠሪያቸው ታሪክ ውስጥ ነው።

ቢል ሊር እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ተወለደ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛ ደረጃን እንኳ አልጨረሰም። ይሁን እንጂ ሞቶሮላን ስመ ጥር ባደረገው የመኪና ሬዲዮ ላይ እጁ አለበት። ለጄቶች በሠራው አውቶፓይለት ደግሞ የ1949ን የኮሊየር ሽልማት ወስዷል።

ወደ ቢዝነስ አውሮፕላን የገባው ግን ባገለገለ ዕቃ ነው። በ1950ዎቹ ያገለገሉ ሎክሂድ ሎድስታር አውሮፕላኖችን አሻሽሎ፣ ሊርስታር ብሎ ለኩባንያዎች ሸጠ። አሮጌውን አካል ማግኘት ቀላል ነበር፤ ገንዘብና ድካም የሚበላው እሱን እንደ አዲስ ማድረጉ ነው።

ቀጥሎ ትንሽ ጄት ልሥራ ሲል የራሱ ኩባንያ ቦርድ እምቢ አለው። እሱም በ1962 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። በስዊዘርላንድ የጀመረውን ሥራ ወደ ካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ከተማ አዛወረ። እዚያም ቁማር በሚመስል ውሳኔ፣ የሙከራ አውሮፕላን በእጅ ከመሥራት ይልቅ በቀጥታ የፋብሪካ መሣሪያዎቹን አሠራ። ንድፉ ስህተት ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ገደል ይገባ ነበር።

ሊርጄት 23 ጥቅምት 7 ቀን 1963 በረረ። በሰኔ 1964 የመጀመሪያው አውሮፕላን ተከስክሶ ተቃጠለ፤ አብራሪዎቹ ተረፉ። ጥሬ ገንዘብ ላጠረው ሊር የኢንሹራንሱ ክፍያ ደረሰለት። በሐምሌ መጨረሻ የበረራ ብቃት ፈቃዱን አገኘ፣ በጥቅምት ለደንበኛ ማስረከብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ፍራንክ ሲናትራም ከገዢዎቹ አንዱ ሆነ።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ሞተሩ ከወታደራዊ ሞተር የተወለደ ነው፤ ኃይለኛ ነው፣ ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ይጮሃል። በዚያ ዘመን ነዳጅ ርካሽ ስለነበር ብዙም አላስጨነቀም። በኋላ ነዳጅ ተወደደ። አሜሪካም እንዲህ የሚጮሁ ትንንሽ ጄቶች ድምፃቸው ካልተቀነሰ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በዋናው ምድሯ እንዳይበሩ ከለከለች። ብረቱ ያው ነው፤ ዋጋው የወደቀው ማብረሩ ስለከበደ ነው።

ሊር ራሱም ወጪው ከበደው፤ ኩባንያውን በ1967 ለጌትስ ሸጠ። በ1978 ሲሞት ሲሠራ የነበረው ሊር ፋን የተባለ ቀላልና ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን ነው። ከሞቱ በኋላ በረረ፣ ለገበያ ግን አልበቃም። የመጨረሻው ሊርጄት በ2022 ለገዢው ተሰጥቶ ምርቱ ቆመ።

ያገለገለ ጄት የሚገዛ ሰው እንግዲህ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አለ። ሞተሩ ለሙሉ እድሳት ስንት ሰዓት ቀረው? የጥገና መዝገቡ ሙሉ ነው? ዝገት አለው? የድምፅ ሕጉን ያልፋል? ይህንን የሚያረጋግጠው የሻጩ ሳይሆን የገዢው መካኒክ ነው። መግዣውን አንዴ ነው የምትከፍለው፤ ማብረሪያውን ግን እስክትሸጠው ድረስ።