አልበርት ሽቫይትዘር፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ሐኪም



ኖታ ማጥናት የሚሰለቸው፣ አንድ መዝሙር አሥር ጊዜ ሲደጋገም ትዕግሥቱ የሚያልቅበት ወጣት በየመዘምራኑ ቡድን ውስጥ አይጠፋም። በሌላ በኩል ደግሞ ሙዚቃን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ፣ ለሌላ አገልግሎት ብጠራ ይህን የምወደውን ነገር አጣው ይሆን እያለ በልቡ የሚሰጋ አለ። ለሁለቱም የሚጠቅመው የሕይወት ታሪክ የዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ነው። ይህ ሰው በአፍሪካ ደን ውስጥ ሆስፒታል የሠራ ሐኪም በመሆኑ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ሐኪም ከመሆኑ በፊት ግን ኦርጋን ተጫዋች ነበረ። ኦርጋን ተጫዋች ከመሆኑም በፊት ኖታ እያዩ መለማመድ የማይወድ ልጅ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበርት ጃንዋሪ 14 ቀን 1875 በአልዛስ ክፍለ ሀገር፣ ካይዘርስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አልዛስ በጀርመንና በፈረንሳይ መካከል የምትገኝ፣ በጦርነት ምክንያት ከአንዱ ወደ ሌላው ስትተላለፍ የኖረች አገር ናት። በዚያን ጊዜ በጀርመን እጅ ነበረች፤ ዛሬ የፈረንሳይ ክፍል ናት። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ልጁ በተወለደ በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ጊንስባኽ ወደምትባል መንደር ተዛወረ። በመንደሪቱ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን በየተራ ያመልኩ ነበር። የእናቱም አባት ቄስ ነበሩ። ለኦርጋን የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነበረና፣ ወደ አንድ እንግዳ ከተማ ሲሄዱ ከሁሉ አስቀድመው የሚጎበኙት የከተማውን ኦርጋን ነበር።

እዚህ ላይ ኦርጋን ስንል በየቤተ ክርስቲያናችን የምናየውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ማለታችን አይደለም። የአውሮፓው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ብዙ ቧንቧዎች ያሉት፣ በነፋስ ኃይል የሚሰማ ትልቅ መሣሪያ ነው። የሚጫወተውም ሰው በሁለት እጁ ብቻ ሳይሆን በሁለት እግሩም ይጫወታል። ለእግሩ የተሠሩት መርገጫዎች ፔዳል ይባላሉ።

አልበርት አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ከአያቱ በተወረሰው አሮጌ ፒያኖ ያስተምሩት ጀመር። ልጁ ግን ኖታ እያየ ከመጫወት ይልቅ ከራሱ ፈጥሮ መጫወትን ይወድ ነበር። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ አስተማሪቱ የመዝሙሩን ዜማ በአንድ ጣት ብቻ ስትጫወት ቢያይ፣ ስለ ምን ከአጃቢ ድምፆች ጋር እንደማትጫወት ጠየቃት፤ ራሱም ተቀምጦ ሙሉውን ተጫወተላት። አስተማሪቱ ግን ከዚያም በኋላ በአንድ ጣት መጫወቷን አልተወችም። ያን ጊዜ እርሱ የሚችለውን እርሷ የማትችል መሆኗን ተረዳና እንደ መኩራት ፈንታ አፈረ። በስምንት ዓመቱ እግሩ ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ገና ሲንጠራራ ኦርጋን መማር ጀመረ። በዘጠኝ ዓመቱም የመንደሩን ኦርጋን ተጫዋች ተክቶ በአምልኮ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ።

ይህን ስንሰማ ልጁ ያለ ድካም ሁሉ የተሳካለት ሊመስለን ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። በአሥር ዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሙሉዝ ወደምትባል ከተማ ተላከና ልጅ ካልነበራቸው የአባቱ ዘመዶች ቤት ተቀመጠ። የቤቱ ሥርዓት የጠበቀ ነበር። ምሳ ከተበላ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ ፒያኖ መለማመድ፣ ማታም የቤት ሥራው ሲያልቅ እንደገና ፒያኖው ላይ መቀመጥ ግዴታው ነበር። አክስቲቱ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር።

በሙሉዝ የሙዚቃ አስተማሪው ኦይገን ሙንኽ ነበሩ። እርሳቸውም የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆነው ከበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቅርብ የመጡ ሰው ነበሩ። አልበርት በእኚህ አስተማሪ ፊት ደካማ ተማሪ ሆነ። የተሰጠውን ሳያጠና እየመጣ ከፊቱ ያለውን ኖታ እንደ ነገሩ ይጫወት ነበር። የሚሰማውንም ስሜት ሰው ፊት ማውጣት ያፍር ስለነበረ አጨዋወቱ ደረቅ ነበር። አንድ ቀን ሙንኽ ተቆጡ፤ የሜንደልሰንን አንድ አጭር የፒያኖ ድርሰት ሰጥተውት ይህንንም እንደ ሌላው እንደሚያበላሸው ነገሩት። ልጁ ነገሩ ልቡን ነካው። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ሳያስገድደው ያንን ድርሰት ሲያጠና፣ የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ ቢነካ እንደሚሻል እየሞከረ ሲጽፍ ሰነበተ። በሚቀጥለው ትምህርት በልቡ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ተጫወተ። አስተማሪው ብዙ አልተናገሩም። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ከወንበሩ አስነሡትና ራሳቸው ተቀምጠው ሌላ የሜንደልሰን ድርሰት ተጫወቱለት። ከዚያ በኋላ የቤትሆቨን ድርሰት ተሰጠው፤ ቀጥሎም ለዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ድርሰቶች በቃ። እምነቱን በቤተ ክርስቲያን ፊት ካጸና በኋላም በትልቁ ኦርጋን እንዲማር ተፈቀደለት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በአምልኮ ጊዜ አስተማሪውን እየተካ ይጫወት ነበር። ሙንኽ በ1898 በታይፎይድ ሲሞቱ ሽቫይትዘር ስለ እርሳቸው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። በስሙ ከታተሙት ጽሑፎች የመጀመሪያው ይህ የአስተማሪው መታሰቢያ ነው።

በ1893 ወደ ፓሪስ ሄዶ በቅዱስ ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች በነበሩት በታዋቂው ሻርል ማሪ ቪዶር ፊት ተጫወተ፤ እርሳቸውም ተማሪያቸው አደረጉት። በዚያው ዓመት በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮትና ፍልስፍና መማር ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተማሪው መምህሩን የሚያስተምርበት ቀን መጣ። ባኽ (1685–1750) በጀርመን የኖረ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ሲሆን፣ በጥንታዊ መዝሙሮች ላይ የተመሠረቱ ብዙ የኦርጋን ድርሰቶች ጽፏል። ቪዶር በእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ ምክንያቱ ያልገባቸው ብዙ ነገር ነበር። ሽቫይትዘር በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሮቹን ከነቃላቸው እየዘመረ ያደገ ነውና፣ ሙዚቃው የመዝሙሩን ቃል እንደሚከተል አሳያቸው። ቃሉን ያላወቀ ሰው ዜማው እንዴት ይገባዋል? ቪዶርም ይህን በመጽሐፍ እንዲያወጣው ጠየቁት። ስለ ባኽ የጻፈው 455 ገጽ ያለው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ በ1905 ታተመ። በ1908 ደግሞ አስፍቶ በጀርመንኛ አወጣው፤ ይህኛው 844 ገጽ ነበረው።

ነገር ግን በልቡ ሌላ ነገር ነበረ። በ1896 በበዓለ ሃምሳ ማለዳ፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ይህን ሁሉ ደስታ በከንቱ መቀበል አይገባኝም ብሎ አሰበ። እስከ ሠላሳ ዓመቱ ለትምህርትና ለሙዚቃ ሊኖር፣ ከዚያ በኋላ ግን በቀጥታ ሰውን ሊያገለግል ወሰነ። በ1904 የፓሪስ ሚሲዮን ማኅበር መጽሔት ላይ በጋቦን ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ አነበበ፤ ጥሪውንም አገኘ። በኦክቶበር 1905 ሐኪም ሆኖ ወደ አፍሪካ ለመሄድ ማሰቡን ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ። አብዛኞቹ ተቃወሙት፤ ቪዶርም አጥብቀው ገሠጹት። በሠላሳ ዓመቱ፣ የሁለት ትምህርቶች ዶክተር ከሆነ በኋላ፣ እንደገና ተማሪ ሆኖ ሕክምና መማር ጀመረ። ለመጨረሻው የሕክምና ፈተና የሚከፈለውን ገንዘብ ያገኘው በ1911 በሙኒክ ከተማ የቪዶርን ድርሰት በኦርጋን ተጫውቶ ነው። ስለ ትምህርተ ሃይማኖት የነበረው አስተሳሰብ ሚሲዮን ማኅበሩን ስላሳሰበ፣ ሕክምና ብቻ ሊሠራ እንጂ ላይሰብክ ቃል ገብቶ ሄደ። በኋላ ግን በቦታው የነበሩት ሚሲዮናውያን ራሳቸው እንዲሰብክ ጠየቁት።

የፓሪስ የባኽ ማኅበር ሲሰናበተው አንድ ስጦታ ሰጠው። ይኸውም እንደ ኦርጋን ፔዳል የተገጠመለት፣ የቆላውን እርጥበትና ምስጥ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ፒያኖ ነበረ። ሽቫይትዘርና ባለቤቱ ሄሌነ በኤፕሪል 1913 በኦጎዌ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ላምባሬኔ ደረሱ። ፒያኖውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በተሠራ ትልቅ ታንኳ መጣ። ሐኪሙ በመጀመሪያ በሽተኞችን የተቀበለው አሮጌ የዶሮ ቤት አጽድቶ ነው። ወባ፣ የእንቅልፍ በሽታ፣ ቁስል፣ ቡአ፣ የሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ከሩቅ ሳይቀር ይመጡ ነበር።

በመጀመሪያ ሙዚቃው ቀስ በቀስ ከእጁ ቢጠፋ መለየቱ እንደሚቀልለት አስቦ ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን በሐዘን የባኽን ድርሰት ሲጫወት ሳለ፣ በዕረፍት ሰዓቱ አጨዋወቱን ማሻሻል እንደሚችል ተገለጠለት። በአውሮፓ በሥራ ተወጥሮ ያላገኘውን ጸጥታ እዚህ አግኝቷል። ስለዚህ የባኽን፣ የሜንደልሰንንና የቪዶርን ድርሰቶች አንድ በአንድ ያጠና ጀመር። በአንድ ድርሰት ላይ ሳምንታት፣ አልፎም ወራት ቢያልፉ ሳይቸኩል፣ ሁሉን በቃሉ እስኪይዝ ያጠና ነበር።

በቃል የተያዘው ነገር ምን እንደሚጠቅም ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ጋቦን የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስለነበረችና እርሱ የጀርመን ዜጋ ስለነበረ እንደ እስረኛ ተቆጠረ። በ1917 ከነባለቤቱ ወደ ፈረንሳይ ተወስዶ በእስረኞች ሰፈር ተቀመጠ። በዚያ ፒያኖም ኦርጋንም አልነበረም። እርሱ ግን ጠረጴዛውን እንደ ቁልፎች፣ ወለሉን እንደ ፔዳል አድርጎ ድምፅ የሌለውን ኦርጋን ይለማመድ ነበር። ሙዚቃው በውስጡ ስለነበረ ማንም ሊወስድበት አልቻለም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሽቫይትዘር በሕመም የደከመና ባለ ዕዳ ነበር። በ1920 የስዊድን ሊቀ ጳጳስ ናታን ሶደርብሎም ጋበዙት። በዚያ ንግግር እያደረገና ኦርጋን እየተጫወተ የሆስፒታሉን ዕዳ መክፈል ቻለ። በ1924 ወደ ላምባሬኔ ሲመለስ የቀድሞው ሆስፒታል ፈርሶ ነበርና እንደገና ሠራ። በ1927 ደግሞ ወደ ሰፊ ቦታ አዛወረው። ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ በመጣ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን እየተጫወተ ለበሽተኞቹ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። በ1935 በለንደን፣ በ1936 በስትራስቡርግ የባኽን ድርሰቶች በሸክላ ቀረጸ። የ1952 የኖቤል የሰላም ሽልማት በተሰጠውም ጊዜ ገንዘቡን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር መሥሪያ አዋለው።

እውነቱን ለመናገር ዶክተር ሽቫይትዘር እንከን የሌለው ሰው አልነበረም። አፍሪካውያንን ወንድሞች ቢላቸውም እንደ ታናሽ ወንድም ነበር የሚያያቸው። ይህ የቅኝ ገዢዎቹ ዘመን አስተሳሰብ ነውና በዚህ ብዙዎች ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። እኛ አፍሪካውያን ወጣቶች በጎውን ስንማር ይህንንም ልናውቅ ይገባል። የሰውን መልካም ሥራ ማክበር ስሕተቱን መሸፈን አይደለም።

ሽቫይትዘር ሴፕቴምበር 4 ቀን 1965 በላምባሬኔ በዘጠና ዓመቱ ዐረፈ፤ በዚያም ተቀበረ። ሆስፒታሉ ዛሬም ሕሙማንን ይረዳል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው፣ አክስቱ ባያስገድዱትና ሙንኽ ባይቆጡት ኖሮ፣ በእስር ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጫወተው ነገር ባልኖረው ነበር። ዛሬ የሚሰለቸን ልምምድ ነገ በክፉ ቀን የምንኖርበት ስንቅ ነው። ሁለተኛው፣ ሽቫይትዘር ስለ አገልግሎት ብሎ ሙዚቃውን ሊተው ቆርጦ ነበር። እግዚአብሔር ግን መልሶ ሰጠው፤ ያውም ለራሱ መጽናኛ፣ ለበሽተኞቹም መድኃኒት መግዣ አድርጎ ሰጠው። ስለዚህ ስጦታ ያለን ስጦታችንን ተግተን እንለማመድ፤ ለጥሪውም እጃችንን አንሰብስብ። መዝሙሮቻችንንም ከወረቀት ብቻ ሳይሆን በቃላችን እንያዝ።

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን። አሜን።