ኖኅ ዌብስተር፤ የእንግሊዝኛን ስፔሊንግ ሊያርም የተነሳው መምህር

ኮምፒዩተር ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ‹‹ከለር›› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዞቹ አጻጻፍ ‹‹ዩ››ን ጨምሮ ቢጽፍ፣ ከሥሩ ቀይ መስመር ሊሰመርበት ይችላል። ጸሐፊው አልተሳሳተም። ማሽኑ የተሞላው በአሜሪካ አጻጻፍ ስለሆነ ነው። ያቺን ‹‹ዩ›› ከአሜሪካውያን ብዕር በማስወጣት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አንድ የኮኔቲከት ገበሬ ልጅ ነው። ስሙ ኖኅ ዌብስተር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌብስተር ኦክቶበር 16 ቀን 1758 በሃርትፎርድ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ተወለደ። አባቱ ልጁን የል ኮሌጅ ለማስተማር እርሻቸውን በመያዣ አስይዘው ተበደሩ። ወጣቱ በ1774 ኮሌጅ ሲገባ አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በ1778 ሲመረቅ አገሩ ነጻነቷን አውጃ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ምኞቱ ሕግ ማጥናት ቢሆንም ገንዘብ ስላልነበረው አስተማሪ ሆነ። በ1781 የጥብቅና ፈቃድ ቢያገኝም ከጥብቅናው ይልቅ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ሕፃናት በአንዲት ክፍል ታጭቀው የሚውሉበት ነበር። መጽሐፉም እንግሊዛዊው ቶማስ ዲልዎርዝ ያዘጋጀው የስፔሊንግ መማሪያ ነው። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር የሚዋጋ ሕዝብ ልጆቹን በእንግሊዝ መጽሐፍ ፊደል ማስቆጠሩ ዌብስተርን አልዋጥለት አለው። በ1783 የራሱን የስፔሊንግ መማሪያ በሃርትፎርድ አሳተመ። በኋላ በሽፋኑ ቀለም ምክንያት ‹‹ሰማያዊው መጽሐፍ›› እየተባለ የታወቀው ይኸው ነው።

የሚገርመው፣ የኋላው አራሚ በዚህ መጽሐፍ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ለመቀነስ አልፈለገም። በ1755 የታተመውን የሳሙኤል ጆንሰንን መዝገበ ቃላት ተከትሎ ‹‹ኦነር››ንና ‹‹ፌቨር››ን ከነ‹‹ዩ››ው ጻፈ። ‹‹ዩ››ን በሚጥሉት ላይም ተሳለቀ።

ሊያርመው የተነሳው ነገር ምን እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። ዊሊያም ካክስተን በ1476 ገደማ የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ ሲያስገባ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ይረጋ ጀመር። አነጋገሩ ግን አልቆመም። ‹‹ናይት›› (ፈረሰኛ ባላባት) በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችው ‹‹ኬ›› እና መሐል ላይ ያሉት ‹‹ጂ›› እና ‹‹ኤች›› ዛሬ ድምፅ የላቸውም፤ አንድ ዘመን ግን ይነበቡ ነበር። አንዳንዶቹ ድምፅ አልባ ፊደላት ደግሞ ከመነሻውም ተነበው አያውቁም። ‹‹ዴት›› (ዕዳ) ከፈረንሳይኛ የመጣው ያለ ‹‹ቢ›› ነበር። ‹‹ቢ››ን የሰነቀሩባት የላቲን ዘሩን ለማሳየት የፈለጉ ሊቃውንት ናቸው። የዓለም ሕፃናት በሙሉ የሚሸመድዱት እንዲህ የተጠራቀመውን ነው።

ዌብስተርን የለወጠው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋር መገናኘቱ ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ፍራንክሊን በ1768 አዲስ የእንግሊዝኛ ፊደል ቀርጸው ነበር። በስድስት ነባር ፊደላት ምትክ ስድስት አዳዲስ ያስገባ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ምልክት የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ዌብስተር ሐሳቡን ወደደው። አዲስ ፊደል ግን ሕዝቡ አይቀበልም ብሎ ያሉትን ፊደላት ይዞ የማይነበቡትን መጣል መረጠ።

በ1789 ባሳተመው ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ የተጻፉ ድርሳናት ስብስብ መጨረሻ ላይ ዕቅዱን ዘረዘረ። ‹‹ብሬድ›› እና ‹‹ሄድ›› ‹‹ኤ››ን ይጣሉ፤ ‹‹ጊቭ›› መጨረሻው ላይ ያለችውን ‹‹ኢ›› ይልቀቅ፤ ‹‹ላፍ›› በ‹‹ኤፍ››፣ ‹‹ካራክተር›› በ‹‹ኬ›› ይጻፍ አለ። ምክንያቱ የሕፃናት ድካም ብቻ አልነበረም። አጻጻፉ ከተለየ አሜሪካውያን መጻሕፍታቸውን ከለንደን ማስመጣት ትተው እዚያው ማተም ይገደዳሉ፤ ፖለቲካዊው ነጻነት በቋንቋም ይጸናል ብሎ ያሰላ ነበር። በእኔ እምነት የዌብስተር ስፔሊንግ ከሰዋስው ይልቅ ለጉምሩክ ይቀርባል።

ምላሹ ሳቅ ሆነ። በ1790 በአዲሱ አጻጻፍ የተጻፉ ክፍሎች ያሉበትን የመጣጥፍ ስብስብ ሲያወጣ አንባቢው መሐይም የጻፈው መሰለው። የ1789ኙ መጽሐፍም ኪሳራ አመጣበት። ሰውየውም ሰው የሚያስወድድ ጠባይ አልነበረውም፤ ትምክህተኛና ተከራካሪ እንደነበር ወዳጆቹም አልካዱም።

ተቃውሞው ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ‹‹ሳይን›› (ምልክት) ውስጥ የማትነበበዋ ‹‹ጂ›› ‹‹ሲግኔቸር›› ላይ ትነበባለች፤ ከተጣለች የሁለቱ ቃላት ዝምድና ይጠፋል። ደግሞስ በአነጋገር እንጻፍ ከተባለ በማን አነጋገር? የቦስተን፣ የካሮላይናና የለንደን ሰው አፍ አንድ አይደለም። ዌብስተር የመረጠው የኒው ኢንግላንድን፣ ማለትም የራሱን ነው። ክርክሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሞክሼ ፊደላት ላይ ስንከራከር ‹‹ሠረቀ›› (ወጣ) እና ‹‹ሰረቀ›› (ሌባው) በአጻጻፍ ካልተለዩ በምን ይለያሉ የሚሉ አሉ። የባለታሪካችንን ስም ራሱን በ‹‹ኅ››፣ በ‹‹ህ›› ወይም በ‹‹ሕ›› የሚጽፍ አይታጣም።

ዌብስተር አፈገፈገ፤ ግን አልተወውም። 37,000 ያህል ቃላት በያዘው የ1806 አነስተኛ መዝገበ ቃላቱ ጥያቄውን ቀነሰ። ‹‹ሚውዚክ›› እና ‹‹ፐብሊክ›› የመጨረሻዋን ‹‹ኬ›› አጡ፤ ‹‹ከለር›› ‹‹ዩ››ዋን ለቀቀች፤ ‹‹ሴንተር›› በ‹‹ኢ›› እና ‹‹አር›› ማለቅ ጀመረ፤ ‹‹ዲፌንስ›› በ‹‹ሲ›› ፈንታ ‹‹ኤስ›› ያዘ። ብዙዎቹን እሱ አልፈጠራቸውም፤ በእንግሊዝም አልፎ አልፎ ይጻፉ የነበሩ ናቸው። የእሱ ሥራ መምረጥ ነበር።

ከዚያ በትልቁ መዝገበ ቃላት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀመጠ። የቃላትን ዘር ለመፈለግ ከሃያ በላይ ቋንቋዎችን አገላበጠ፤ ከእነዚህም አንዱ በመዝገበ ቃላቱ ‹‹ኢትዮጲክ›› ተብሎ የተጠቀሰው የእኛው ግዕዝ ነው። ድካሙ ግን በዚህ በኩል ፍሬ አላፈራም። ቋንቋዎች ሁሉ ከባቢሎን ግንብ በፊት ከነበረ አንድ ልሳን ወርደዋል ብሎ ያምን ስለነበር፣ በዘመኑ በጀርመን የሚደረገውን የሥነ ልሳን ምርምር ወደ ጎን ተወው። የቃላት ዘር ትንተናው ከሞተ በኋላ በወጣው የ1864 እትም በአንድ ጀርመናዊ ሊቅ ተተካ።

በ1824፣ በ65 ዓመቱ፣ ለጥናት ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ በጃንዋሪ 1825 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ረቂቁን ጨረሰ። ያን ሁሉ ዓመት ሊነጠላት በጣረባት አገር ማለት ነው። 70,000 ያህል ቃላት የያዘው ባለ ሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት በ1828 በ2,500 ቅጂ ታተመ። ዋጋው 20 ዶላር ስለነበር ሽያጩ አዘገመ። ለሁለተኛው እትም ቤቱን በመያዣ አስያዘ፤ በልጅነቱ አባቱ እርሻቸውን እንዳስያዙለት። ሜይ 28 ቀን 1843 በኒው ሄቨን በ84 ዓመቱ ሲሞት ሥራው ባለጸጋ አላደረገውም ነበር። የመዝገበ ቃላቱን መብት የገዙት የስፕሪንግፊልዶቹ ወንድማማቾች ጆርጅና ቻርልስ ሜሪያም ናቸው። በ1847 ባለ አንድ ቅጽ አድርገው በ6 ዶላር ሲሸጡት ብዙ ቤት ገባ።

ስፔሊንጉን ያሸነፈለት ግን ውዱ መዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። ሰማያዊው መጽሐፍ በ1829 ከመዝገበ ቃላቱ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ታረመ፤ በክፍለ ዘመኑ ውስጥም በአሥር ሚሊዮኖች ቅጂ ተሸጠ። ‹‹ከለር››ን ያለ ‹‹ዩ›› የተማረ ሕፃን አድጎ አታሚ፣ ጋዜጠኛና ዳኛ ሲሆን እንዲያው ጻፈ። ማንም አላዘዘውም። በትእዛዝ የተሞከረው ሌላ ጊዜ ነው። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት 300 ቃላት በቀለለ አጻጻፍ እንዲታተሙ የመንግሥት ማተሚያ ቤትን አዘዙ። ጋዜጦች ተሳለቁባቸው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በነባሩ አጻጻፍ እንዲቀጠል ወሰነ፤ ትእዛዙም በወራት ውስጥ ቀረ።

ዌብስተር እስከ መጨረሻው የሟገተላቸው አንዳንድ ቃላት አልተሳኩለትም። ‹‹ታንግ›› (ምላስ) ከነድምፅ አልባ ፊደላቱ አለ፤ ‹‹ዊሜን››ም እንደሚነበበው አይጻፍም። ‹‹ግላመር›› የምትባለው ቃል ደግሞ በዌብስተር ዘመን በዋልተር ስኮት ድርሰቶች አማካይነት ከስኮትላንድ ወጥታ የተስፋፋች ናት፤ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ዛሬም የሚጽፏት ከነ‹‹ዩ››ዋ ነው።