ሄንድሪክ ሎሬንትዝና የተንቀሳቃሽ ሙል ሕግ

ሄንድሪክ አንቶን ሎሬንትዝ በ1853 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርንሄም በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ እናቱንም በልጅነቱ በሞት አጣ። በ1870 ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በማታ ትምህርት ቤት እያስተማረ ስለ ብርሃን መንጸባረቅና መሰበር የዶክትሬት ጽሑፉን አዘጋጀ። በ1878፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በላይደን የቲዎሪ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያን ጊዜ ማክስዌል ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት መስኮች የጻፋቸው እኩሌታዎች ይታወቁ ነበር። መስኮቹ ከቁስ አካል ጋር በምን እንደሚገናኙ ግን ግልጽ አልነበረም። ሎሬንትዝ በ1892 እና በ1895 ባሳተማቸው ሥራዎች በማናቸውም አካል ውስጥ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች እንዳሉ አስቀድሞ በመገመት ግንኙነቱን አስረዳ። የቆመን ሙል የሚገፋው የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ነው። ሙሉ ሲንቀሳቀስ ግን ማግኔታዊው መስክም ይገፋዋል፤ የሚገፋውም ወደፊት ወይም ወደኋላ ሳይሆን ለጉዞውም ለመስኩም ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ መንገዱን ያጠምዝበታል እንጂ ፍጥነት አይጨምርለትም። እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ በ1889 ወደ ማግኔታዊው ጉልበት ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ሁለቱን ጉልበቶች አጣምሮ የአንድ ሙሉ ቲዎሪ መሠረት ያደረጋቸው ግን ሎሬንትዝ ስለሆነ፣ ሕጉ በስሙ መጠራቱ አላግባብ አይደለም። በ1896 ተማሪው የነበረው ዜማን የሶዲየም ብርሃን መስመሮች በማግኔት ውስጥ ሲሰፉ አየ፤ ሎሬንትዝም ምክንያቱን ከዚሁ ሕግ አወጣ። በ1902 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሕጉ በቤተ ሙከራ ታጥሮ አልቀረም። የማግኔት ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚያም የመሬት ማግኔታዊ መስክ አግድም ተጋድሞ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ከአሰላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው ጎበሳም ከመስመሩ እምብዛም አትርቅም። ከአርሲ ደጋ በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን፣ ወደ ምሥራቅ የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክና ይህ ማግኔታዊ መስክ ተባብረው ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይ ይገፋሉ። ከባዶቹ አዮኖች ግን ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ወደኋላ ይቀራሉ። ከዚህ መለያየት የሚወለደው አዲስ መስክ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ይነዳል፤ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ወደ ምሥራቅ ሆነ ማለት ነው። በ1957–58 የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያም የዚህን ፍሰት ዕለታዊ ምልክት በማግኔት መሣሪያዎቹ መዝግቧል።

ሎሬንትዝ ቲዎሪውን የገነባው ዓለምን ሁሉ ሞልቷል በሚባለው በኤተር ላይ ነበር። አይንሽታይን በ1905 ኤተር አያስፈልግም ሲል፣ ሎሬንትዝ የወጣቱን ሥራ አክብሮ ተቀበለ፤ ኤተርን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። መሠረቱ ፈረሰ፣ የጉልበቱ ሕግ ግን አንድ ፊደል ሳይለወጥበት ቆመ።

ከ1918 እስከ 1926 የአገሩን የባሕር ወሽመጥ በግድብ መዝጋት ማዕበሉን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው የሚያጠናውን ኮሚቴ መራ። ከፍታውን አሳንሶ ቢገምት በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ለጎርፍ አደጋ ሊጋለጥ ይችል ነበር። ግድቡ በ1932 ተዘጋ፤ እርሱ ግን በየካቲት 4 ቀን 1928 ሐርሌም ከተማ ላይ ዐርፎ ነበር። በቀብሩ ዕለት በኔዘርላንድ የቴሌግራፍና የስልክ አገልግሎት ለ3 ደቂቃ ተቋረጠ።