የአባ መላ ወገን ማን ነበር?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህን አጭር ደብዳቤ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በጌዴኦ ኮንጋ የምኖር፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ ሰውየው የማን ወገን እንደ ነበሩ ጠየቀኝ። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠሁት እነሆ ዛሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ብዙ ሰው አባ መላ እያለ የሚጠራቸው፣ የጨቦ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤት ገቡ። ከነገሥታት ዘር አልነበሩም፤ ይዘውት የመጡት ሀብት አስተዋይ ልቡና ብቻ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ይህን ተመልክተው ከማዕረግ ወደ ማዕረግ አሳደጓቸው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ 19 ዓመት ያህል ከዚሁ ሥራ አልተነሡም።

በዚያ ዘመን ስንቱ ሹም ወጥቶ ወረደ! ምኒልክ በደዌ ተያዙ። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። በ1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሞቱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። በወሩ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር በተደረገው ጦርነት የሸዋን ጦር ከመሩት ዋነኛው ፊታውራሪ ነበሩ፤ ድሉም የሸዋ ሆነ። ያን ጊዜ የአገሩ ጦር በእጃቸው ነበር። ሆኖም ዘውዱ ለንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱ ለራስ ተፈሪ ሲሰጥ እሳቸው ወደ ቀድሞው ሥራቸው ተመለሱ።

በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደር አድሞ ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብሎ ሲነሣ ሌሎቹ ሁሉ ሲሻሩ እሳቸው ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በአንድ በኩል በንግሥቲቱ ዙሪያ የቆሙት የቀድሞውን ሥርዓት ወዳጆች፣ በሌላው በኩል በአልጋ ወራሹ ዙሪያ የተሰበሰቡት አዲስ ሥራ ፈላጊዎች። የፊታውራሪ ልብ ወደ ፊተኞቹ ያደላ ነበር። ቢሆንም ሁለቱ ወገኖች ጦር እንዳይማዘዙ ሚዛኑን የያዙት እሳቸው ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ ለብዙ ወራት ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አገር ሳትናወጥ ቆየቻቸው።

ሚዛኑ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ የታወቀው ያዢው ሲታጣ ነው። ፊታውራሪ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ጦራቸውም ወደ አልጋ ወራሹ እጅ ገባ። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ከዚሁ ከእኛ ከሲዳሞ ብዙ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ቢደርሱም ሥልጣናቸውን አጥተው ቀሩ። በሁለቱ ወገን መካከል ገብቶ የሚሰማ ሽማግሌ አልነበረም።

ተማሪዬ ግን በዚህ አላበቃም። የቅድመ አያቱ አባት ገባር እንደ ነበሩ፣ እኒህም ሰው የገዢዎቹ ጦር አለቃ እንደ ነበሩ ተናግሮ ስለምን እናክብራቸው አለኝ። ይህ ጥያቄ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ቦረናን በዘመቻ ወደ መንግሥቱ ያስገቡት ፊታውራሪ ናቸው። የዚያ ዘመን ወታደር ደመወዙን ያገኝ የነበረው ከገባሩ ጉልበትና ከእርሻው ፍሬ ነበር። የጌዴኦ ገበሬ በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ ደሙን ያፈሰሰው፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅም ደስ ያለው በከንቱ አይደለም። በራሳቸው በምርኮ የመጡ ሰው የገባሩን ቀንበር አለማንሣታቸው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የአያቶቹን እንባ እንዲረሳ አልጠይቀውም፤ እኔም ፊታውራሪን ጻድቅ አላደርጋቸውም። ነገር ግን አራት መሪዎች ሲፈራረቁ አንዱን አገር ያገለገለ፣ ጦር በእጁ ሳለ ለራሱ ዘውድ ያልፈለገ ሰው ምስጋና አይነፈገውም። በደሉን በስሙ ጠርቶ መልካሙን ማመስገን ሁለቱም የታሪክ ግዴታ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባብያን ሆይ፤ አለቃ በተለወጠ ቁጥር የማን ሰው ነህ መባል ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። የትናንቱ ሹም ያስጀመረውን መልካም ሥራ አዲሱ ሹም መጥቶ መዝገቡን ሲዘጋው አይተናል። በአዲስ አበባ በፊታውራሪ ስም የሚጠራውን ድልድይ በየቀኑ የሚሻገር ሰው ስለ ስሙ ጥቂት ቢያስብ መልካም ነው። ድልድይ ከወንዙ አንድ ዳር ብቻ ቆሞ ሰው አያሻግርም።

ይህ ደብዳቤ ከወጣ ለዚያ ተማሪ በክፍሉ ፊት አነብለታለሁ። አሁንም ካልተስማማ ተነሥቶ ይናገር፤ እኔም በደስታ እሰማዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ መምህር
ከኮንጋ