ንስሐው ስብከት የሆነለት ሙሴ ጸሊም

ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ፥ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ የተባለ አባት ነው። አስቀድሞ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበረ፤ ስለ ክፉ ሥራው ጌታው ቢያባርረው የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በኋላ ግን ልቡ ተነክቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ሄደና መነኰሰ፤ በአባ ኤስድሮስ ምክር እየተጽናና ከቀድሞ ልማዱ ጋር ብዙ ዘመን ታገለ።

አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች በበዓቱ ሳለ አደጋ ጣሉበት። እርሱም አስሮ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ፍርዱንም ለወንድሞች ተወ። ወንበዴዎቹ የያዛቸው ያ ዝነኛው ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ፥ እንዲህ ያለው ሰው እግዚአብሔርን ካገለገለ ለእነርሱም የመዳን ተስፋ እንዳለ አስተውለው መነኰሱ። ረጅም ትምህርት የሰጣቸው አልነበረም፤ የተለወጠው ሰው ራሱ ስብከት ሆናቸው። መጥምቁ ዮሐንስ ለንስሐ የሚገባ ፍሬ ያለው (ማቴ. 3፥8) ይህን የመሰለውን ነው።

ዛሬ ወንጌል በመጽሔት፥ በሬዲዮና በኢንተርኔት ይሰበካል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሰባኪው ራሱ ሳይመለስ ሌላውን ተመለስ ቢለው ቃሉ ከጆሮ አያልፍም። እንግዲህ ወንድሞች ሆይ፥ ሌላውን ለማስተማር ከመውጣታችን በፊት አስቀድመን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ።