ከመያዣነት እስከ እንደራሴነት፦ የዊልያም ማርሻል ሕይወት

በሕግ ሙያ የተሰማራን ሁሉ ማግና ካርታ የተባለውን ሰነድ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሰነዱን ከሞት ያስነሣውን ሰው ግን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ይኸውም የፔምብሩክ ኧርል የነበረው ዊልያም ማርሻል ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርሻል የቤተሰቡ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የሹመት ስም ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ባልደራስ ከምንለው የቤተ መንግሥት ሹመት ጋር ይቀራረባል። ዊልያም በ1147 ገደማ ሲወለድ አባቱ ጆን ይህን ሹመት ይዞ ነበር፤ እርሱ ግን አራተኛ ልጅ ስለ ነበረ ርስት የመውረስ ተስፋው የመነመነ ነበር።

በ1152 ንጉሥ ስቲፈን የአባቱን ምሽግ በኒውበሪ ከበበ። አባትየው ሕፃኑን ዊልያምን መያዣ ሰጥቶ የዕርቅ ጊዜ ካገኘ በኋላ ቃሉን አፍርሶ ምሽጉን በስንቅና በወታደር አጠናከረ። ልጁ እንደሚሰቀል ሲነገረውም ሌሎች ልጆች ለመውለድ እንደሚችል መለሰ ይባላል። ንጉሡ ግን በሕፃኑ ላይ ሊጨክን አልቻለም። የሕግ ሰው ይህን ሲያነብ ከአባትየው ጭካኔ ይልቅ የሚያስደነግጠው፣ በዚያ ዘመን ለውል ማስከበሪያ ከሰው ሥጋ የተሻለ ዋስትና አለመኖሩ ነው።

ዊልያም በኖርማንዲ አድጎ፣ በ1166 የፈረሰኛነት ማዕርግ አግኝቶ፣ አሸናፊው የተሸናፊውን ፈረስና ቤዛ በሚወስድበት የፈረሰኞች የጦር ግጥሚያ ዝናንም ሀብትንም አፈራ። በ1189 የሰፊ ርስት ወራሽ የሆነችውን ኢዛቤል ደ ክሌርን አገባ፤ በ1199 የኧርልነት ማዕርግ ተሰጠው። ንጉሥ ጆን ግን ስላላመነው ሁለቱን ታላላቅ ልጆቹን ተራ በተራ መያዣ አድርጎ ወሰደበት።

ይህም ሆኖ በ1215 ባላባቶቹ ሲያምፁ ዊልያም ከንጉሡ ጎን ቆመ፤ የገዛ የበኵር ልጁ ደግሞ ቻርተሩን እንዲያስከብሩ ከተመረጡት 25 ባላባቶች አንዱ ነበር። ሰነዱ በሰኔ ወር ታትሞ በነሐሴ ጳጳሱ ኢኖሰንት 3ኛ በግዳጅ የተገኘ ነው በማለት ሻሩት። ጦርነት ተነሣ፤ የፈረንሣዩ አልጋ ወራሽ ሉዊም በባላባቶቹ ተጠርቶ ገባ።

በጥቅምት 1216 ጆን ሲሞት ዘውዱ በ9 ዓመቱ ሄንሪ 3ኛ ላይ ወደቀ፤ ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋው ዊልያምም እንደራሴ ሆነ። በኅዳር 12 ቀን በብሪስቶል ቻርተሩን እንደ ገና አወጀ። ሕፃኑ ንጉሥ የራሱ ማኅተም ስላልነበረው ሰነዱ በእንደራሴውና በጳጳሱ መልእክተኛ በጓላ ማኅተም ጸና። የ25ቱ ባላባቶች አንቀጽ መውጣቱን እንደ ማፈግፈግ የሚቆጥሩት አሉ፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። አስገዳጅ ተብለው የተከሰሱት ባላባቶች በጠላት ሰፈር ሳሉ የዘውዱ ወገን በገዛ ፈቃዱ ስላወጀው፣ የግዳጅ መከራከሪያው መሠረት አጣ። ዊልያም በግንቦት 1217 በሊንከን ጦርነት ራሱ ዘምቶ ድል ካደረገና በመስከረም ሰላም ከወረደ በኋላም፣ በኅዳር ቻርተሩን ከደን ቻርተር ጋር ደግሞ አወጣው።

በግንቦት 14 ቀን 1219 ዐርፎ ለንደን በሚገኘው በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አምስቱ ወንዶች ልጆቹ ማዕርጉን እየተቀባበሉ ሁሉም ያለ ሕጋዊ ወራሽ ሞቱ፤ ሦስተኛው ጊልበርት አባቱን ባለጸጋ ባደረገው በዚያው የፈረስ ግጥሚያ በ1241 አለፈ። የመጨረሻው አንሰልም በ1245 ሲሞት ርስቱ ለአምስቱ እኅቶችና ለወራሾቻቸው ተከፋፈለ፤ የማርሻልነቱ በትር በ1246 ለታላቂቱ ለሞድ ተሰጠ።